ያላሸሁት ክርን

«ለምን ሩጫ አታስገባትም?»

ይህን ስንት ሰው እንደጠየቀኝ እግዜር ይወቀው። ጄኔቭ ላይ ቅዳሴ አልቆ አዳራሹ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበለዋል። ልጄ ረጅም ናት፣ ቀጭን ናት፣ እግር ብቻ ናት። ስለዚህ መሮጥ አለባት፤ ሐበሻ ሆና ሌላ ምን ታደርጋለች? «ቤዝቦል ነው የምትጫወተው» ስላቸው ፊታቸው ይጨማደዳል። «ያ አሜሪካኖች ዱላ ይዘው ማስቲካ የሚያኝኩበት?» አለኝ አንዱ። አዎ፣ እሱው። ልጄ ግን የምትይዘው ዱላውን ሳይሆን ኳሱን ነው። ወርዋሪ ናት። ሜዳው መሀል ካለች የአፈር ጉብታ ላይ ትቆምና፣ ዱላ የያዘው ልጅ እንዳይመታባት አድርጋ፣ ከኋላው ቁጢጥ ብላ ለምትጠብቀው ያዥ ትልካለች። እሷ ካልወረወረች ጨዋታ የለም፤ ሜዳ ሙሉ ሰው ቆሞ እሷን ይጠብቃል። ይህን ሁሉ አስረድቼ ሻዬ ከቀዘቀዘ በኋላ ሰውየው «ብትሮጥ ይሻላት ነበር» ይለኛል።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ሰው «ተው» ሲለኝ ይብስብኛል።

ነገሩ የጀመረው ጄኔቭ ዳር፣ ሰፈራችን ቶኔ ካለው ትምህርት ቤቷ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ቀን የስፖርት ክለቦች መጥተው ልጆቹን ሲያስሞክሩ ዋሉ። ቤት ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ «አባዬ፣ እኔ መወርወር እችላለሁ» አለችኝ። ስለ ምንም ነገር እንዲህ ብላ ተናግራ አታውቅም ነበር። ክፍል ውስጥ ዝም የምትል፣ ስሟን ሲጠሯት የምትደነግጥ ልጅ ናት። ጉብታው ላይ ስትወጣ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። አገጯን ቀና ታደርጋለች፣ አትቸኩልም፤ በክብደት እጥፏ የሆነ ልጅ ዱላውን እየነቀነቀ ሲያፈጥባት መልሳ ታፈጥበታለች። መጀመሪያ ያየኋት ቀን አለቀስኩ። ፀሐዩ ነው ብዬ መነጽሬን አደረግኩ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር፤ አለዚያ የሠራሁት ስህተት አይገባም። አዲስ አበባ እያለሁ የእግር ኳስ ቡድን ወጌሻ ነበርኩ። ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳ አንጠልጥሎ ወደ ሜዳ የሚሮጠው ሰው፣ እሱ እኔ ነበርኩ። ዳኛው ሰዓቱን ያያል፣ አሰልጣኙ ከመስመር ላይ «አስነሳው!» እያለ ይጮሃል፣ ተመልካቹ ያፏጫል። በረዶ፣ የሚያቃጥል ቅባት፣ ፋሻ፣ ሁለት እጅ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ሰውየውን አቁሞ ወደ ጨዋታው መመለስ ነው ሥራዬ። ጎበዝ ነበርኩ፣ ለምን እደብቃለሁ? ዲፕሎም አልነበረኝም። ያስተማሩኝ ከኔ በፊት የነበሩት ሽማግሌ ወጌሻ ናቸው። እጄን በእጃቸው ይዘው ሰው ገላ ላይ እያስኬዱ «ይቺ ጅማት ናት፤ ይቺ ጡንቻ ናት፤ ይቺ አጥንት ናት፣ አጥንት አይታሽም» ይሉኝ ነበር።

እዚህ አገር ስመጣ ወረቀት ጠየቁኝ። ወረቀት የለኝም፤ እጅ ነው ያለኝ። እጅ ደግሞ ፋይል ውስጥ አይገባም። አሁን ቶኔ ውስጥ አንድ የአረጋውያን ቤት ረዳት ነኝ። ሽማግሌዎችን ከአልጋ አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ። ፊዚዮዋ፣ ባለዲፕሎሟ ገላ አፍታች፣ ስትመጣ በሩን እከፍትላታለሁ። ቆሜ ስትሠራ አያታለሁ፤ አንዳንዴ ጎበዝ ናት፣ አንዳንዴ ምላሴን ነክሼ ነው የምወጣው። እሁድ እሁድ ግን ከቅዳሴ በኋላ አንገቱ የቆመበት፣ ወገቡ የተያዘ፣ እግሩ ወለም ያለው ሁሉ እኔን ነው የሚፈልገው። እዚያ ማንም ወረቀት አይጠይቀኝም።

የልጄ አሰልጣኝ ከኩባ የመጣ ሰው ነው። ሥራው ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ረቡዕ ከሰዓትና ቅዳሜ ልጆች ያሠለጥናል። በአውራ ጣቱ የሚጫናት ትንሽ መቁጠሪያ አለችው፤ ልጅ ኳስ በወረወረ ቁጥር ቀጭ ያደርጋታል። ቁጥሩ ሲሞላ ልጁ ቢለምን፣ ቢያለቅስ፣ ጨዋታው ሊያልቅ አንዲት ኳስ ብትቀር፣ አስወጥቶ ያስቀምጠዋል። ስንት ቀን ማረፍ እንዳለበትም ለወላጅ ጽፎ ይሰጣል። አየር ላይ የምትታጠፈዋ ጠማማ ኳስ ክልክል ናት፤ «ፂም ስታበቅሉ» ይላቸዋል፣ ልጄን ጨምሮ። ከልምምድ በፊት አንድ በአንድ እያስቆመ «ክንድ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ያመመው ልጅ አይወረውርም፤ አለቀ።

ሳቅኩበት። ለእናቷም «እንቁላል ነው እንዴ የሚያሠለጥነው?» አልኳት። እናቷ ቅዳሜና እሁድ ሥራ ስለምትገባ የሜዳው ጉዳይ የኔ ነበር፤ እሷም «አንተ ታውቃለህ» ብላ አለፈችው። እኔ ደግሞ የማውቅ መሰለኝ።

የማውቀው ነገር ነበር፣ ይህን ማንም አይወስድብኝም። ልጄ ስትጀምር በክንዷ ብቻ ነበር የምትወረውረው። ውርወራ ከመሬት ነው የሚነሳው፤ በእግር ወጥቶ፣ በዳሌ ዞሮ፣ በወገብ አልፎ ነው ትከሻ የሚደርሰው። ክንድ መጨረሻ ላይ የሚላክ ተላላኪ ነው። እግርና ዳሌ የለገሙትን ሥራ ክርን እንዲሠራው ከተደረገ ይቀየማል። ስለዚህ ጠዋት ጥርሷን ስትቦርሽ በአንድ እግሯ አቆማት ጀመር። የሕንጻችንን ደረጃ ወደ ኋላ እየተራመደች ትወጣለች፤ ጎረቤታችን አንዲት አሮጊት ሊፍቱ ተበላሽቶ መስሏቸው ደጋግመው ይጠይቁን ነበር። በኳስ ፈንታ ፎጣ ጫፉን አስይዤ እንድትወረውር አደርጋታለሁ፤ ፎጣው ቀድሞ ከተወነጨፈ ዳሌዋ ሰንፏል ማለት ነው። ሁለት ወር እንዲህ ሆንን። አንድ ረቡዕ አሰልጣኙ ጨዋታውን አቁሞ ወደ ወላጆቹ ዞረና «ዳሌዋን ያስተካከለው ማን ነው?» አለ። እጄን አወጣሁ። «ሌሎቹንም አሳያቸው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ ፈረቃዬን እያስቀየርኩ ከልጆቹ ጋር ሜዳው ዳር እቆም ነበር። በዚህ አገር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ የማውቀውን ያለ ወረቀት የጠየቀኝ ፈረንጅ ያ ሰው ብቻ ነው። ኩባዊ ፈረንጅ ከተባለ።

ልጄ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ጊዜ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ዓርብ፣ ከሥራ ስገባ ወጥ ቤት ጠበቀችኝ። «አባዬ፣ ክንዴን ትንሽ እሸኝ» አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፣ ቅባቱን በእጄ አሙቄ አሸሁላት፤ ጠንከር ያለ ጡንቻ አገኘሁ፣ ፈታሁት። በማግስቱ ወርውራ አሸነፈች። በሚቀጥለው ዓርብ ደግሞ መጣች። በሚቀጥለውም።

አሥራ ሦስት ዓመት የሆናት ልጅ ለአባቷ ስንት ቃል ትናገራለች? «ሳ ቫ»፣ ደህና ነኝ ማለቷ ነው፣ «እርቦኛል»፣ «ቻርጀሬ የት ነው?»። ዓርብ ግን ክንዷ እጄ ላይ እያለ ሁሉን ትነግረኝ ነበር። ስለምትጠላት የሒሳብ አስተማሪ፣ ስለ ጓደኞቿ ኩርፊያ፣ ጉብታው ላይ ስትወጣ ጆሮዋ ውስጥ ድምፅ ሁሉ እንደሚጠፋ። አማርኛዋ ሲያልቅባት በፈረንሳይኛ ትቀጥላለች፣ እኔ እየተከተልኩ አሻለሁ። ዓርብ እስኪደርስ ይቸኩለኝ ጀመር። እውነቱን ልናገር፣ ክንዷ ስላመማት ደስ ብሎኝ ነበር።

«ለአሰልጣኙ እንዳትነግረው» አለችኝ። «ካወቀ ያስቀምጠኛል።»

«አልነግረውም» አልኳት።

እሱም እየጠየቃት፣ እሷም «ሳ ቫ» እያለችው፣ እኔም አጠገባቸው ቆሜ የሌላውን ልጅ ዳሌ እያስተካከልኩ፣ ፀደዩ እንዲህ አለፈ። እሱ የማይቆጥራቸው ሌሎች ውርወራዎችም ነበሩ። ከቤታችን ሥር ጋራዦቹ ጋ አንድ ባዶ ግድግዳ አለ፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያ ትወረውር ነበር። በረንዳ ላይ ሆኜ ድምፁን እሰማለሁ። ትጋት ነው ብዬ ኮራሁ።

ሰኔ ላይ ዙሪክ አጠገብ የሁለት ቀን ውድድር ነበር። ቡድኑ በባቡር ሄደ። ሌሎቹ በአንድ የወጣቶች ማደሪያ ሲያርፉ እኔና ልጄ እዚያው አቅራቢያ ኡስተር ከታላቅ እህቴ ቤት አረፍን። እህቴ ዋሊሰለን ካለው የገበያ ማዕከል ውስጥ ልብስ ቤት ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ የምትወጣው አምሽታ ነው። ያን ቀን ግን «ለእናንተ ስል ፋየራብንዴን በቀን አደረግኩት» ብላ፣ የሥራ መውጫዋን በጀርመንኛ እየጠራች፣ ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ ምሳ ሠርታ ጠበቀችን። ልጄ ጠዋት ወርውራ አሸንፋ ነበር። አሰልጣኙ ቁጥሯን ሳትጨርስ አስወጥቶ ለእሁዱ ፍጻሜ አስቀምጧታል። ክለቡ በሴት ወርዋሪ ፍጻሜ ሲደርስ የመጀመሪያው ነው፤ ወደ እህቴ ቤት ስንመጣ የልጅቷ እግር ከደስታ ብዛት መሬት አልነካም።

የሰኔ ጾም ገብቷልና ሽሮ፣ ጎመንና ምስር ቀርቧል። ሦስታችን አንድ ትሪ ከበብን። እህቴ አንዴ አጎረሰችኝ፣ አንዴ ልጄን ልታጎርስ እጇን ስትሰድ ቆም አለች።

«አንቺ ልጅ! በየት አገር ነው በግራ እጅ የሚበላው?»

አየሁ። እውነትም በግራዋ ነበር የምትበላው። ሳቅ መጣብኝ፤ እህቴ ሥርዓት ላይ ቀልድ አታውቅም።

«ቀኙ ፋቲጌ ነው፣ እትዬ» አለች ልጄ። ደክሞታል ማለቷ ነው።

«ደከመኝ ብሎ በግራ! አባትሽ ይህን ሳያስተምርሽ ነው ዱላ ጨዋታ ያስተማረሽ? በይ፣ ቀኝሽን አውጪ።»

ልጄ ታዛዥ ናት። ቀኝ እጇን አውጥታ ቆረሰች፣ ሽሮውን ጠቀለለች፣ ከዚያ አንገቷን ደፋች። አፏ ወደ እጇ ወረደ እንጂ እጇ ወደ አፏ አልወጣም። ሁለተኛውንም እንዲሁ። እህቴ «ጎሽ!» አለችና ጎመን ጨመረችላት። እኔ ጉርሻዬን መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩ። ፈረንጅ ቤት ቢሆን ኖሮ ማንም አያይም ነበር፤ እነሱ ሹካ በግራ ነው የሚይዙት። ትምህርት ቤቷ ምሳ ቤት ውስጥ ስንት ቀን በግራዋ እንደበላች እሷ ናት የምታውቀው።

«እጅሽን ታጠቢና ነዪ» አልኳት።

ሁለት ክንዶቿን ፊት ለፊቴ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ እንድትዘረጋ ነገርኳት። ግራው ቀጥ አለ። ቀኙ ሊዘረጋ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም፣ ሙሉ በሙሉም አይዘረጋም። ከክርኗ ውስጠኛ በኩል ወጣ ያለችዋን አጥንት በአንድ ጣት ነካኋት። አላለቀሰችም። የእግሯ ጣቶች ምንጣፉ ላይ ተጨማደዱ።

ያቺን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ የነካኋት ያን ቀን ቢሆን ኖሮ ምንኛ ጥሩ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ወጥ ቤታችን ውስጥ ጣቴ አግኝቷት ነበር። ሞቅ ያለች፣ ያበጠች፣ ስትነካ ልጅቷ ወሬዋን የምታቋርጥባት ቦታ። ያስተማሩኝ ሰው ድምፅ በጆሮዬ መጣ፤ አጥንት አይታሽም። እና ምን አደረግኩ? ጣቴን ዘወር አድርጌ ከላይ ያለውን ጡንቻ አሸሁ። በማግስቱ ጨዋታ ነበራ። በየሳምንቱ ሕመሙን አደነዝዝላትና፣ የደነዘዘውን ክንድ ይዛ ሄዳ ትወረውርበታለች። ያ ሁሉ ሙያ የዋለው ልጄ ሕመሟን እንዳትሰማ ለማድረግ ነው።

እህቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «ምን ሆነች? ወለምታ ነው?»

«አጥንቷ ነው። ነገ አትጫወትም።»

«አባዬ!» አለች ልጄ።

«አንተ ደግሞ!» አለች እህቴ። «ሰው ሁሉ የሚፈወስብህ ወጌሻ አይደለህም እንዴ? አሽተህ አስገባታ! ልጅቷ ነገን ስትጠብቅ ነው የከረመችው።»

«አንዴ ብቻ እሸኝ» አለች ልጄ። ሳታለቅስ፣ በቀስታ፣ ትልቅ ሰው እንደሚለምን ነበር የለመነችኝ። «ነገ ብቻ። ከዚያ አርፋለሁ፣ ጁሬ። እምላለሁ፣ አባዬ።»

አንድ የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበር አዲስ አበባ። ሃያ ዓመት አይሞላውም፣ ሲሮጥ ያምር ነበር። አንድ እሁድ ጉልበቱን ይዞ ወደቀ። ሮጬ ደረስኩ፣ በጣቴ ጉልበቱን አገኘሁት፣ ልክ እንዳልሆነ ዓይኑም ጣቴም ነገሩኝ። «አስነሳው!» ይላል አሰልጣኙ። አስነሳሁት። ጥቂት ቆይቶ ደገመው፤ ደግሜ አስነሳሁት። ተመልካቹ አጨበጨበልን፣ ለሁለታችንም። በቀጣዩ ዓመት ያ ልጅ አልተጫወተም፣ ከዚያ በኋላም አልተጫወተም። መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ትከሻዬን አቅፎ ይስመኝ ነበር፤ «የኔ ሐኪም» እያለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«አላሽም» አልኩ።

ስንት ዓመት የወደቀ ሳነሳ ኖሬ እንዲህ ያልኩት የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። እህቴ «ድርቅና» ብላ ሳህን አነሳች። ልጄ ክፍሉን ዘግታ ገባች። ከሰዓቱን ሙሉ ኡስተር ካለው ሐይቅ ዳር ብቻዬን ዞርኩ፤ የሚቀጥለው ነገር ከዚህ እንደሚብስ አውቄዋለሁ። አሰልጣኙ ቁጥሯን ያውቃል፤ በቁጥሩ መሠረት ነገ መወርወር ትችላለች። ሲጠይቃትም «ሳ ቫ» ነው የምትለው። እኔ ካልተናገርኩ ጉብታው ላይ ትወጣለች። ከተናገርኩ ደግሞ ከፋሲካ ጀምሮ ስዋሽ እንደከረምኩ ለዚያ ሰው መንገር አለብኝ፤ ቃል የገባሁላትም ልጅ ፊት።

እሁድ ጠዋት ሜዳው ላይ ልጆቹ ሲያሟሙቁ ወደ አሰልጣኙ ሄድኩ። ፈረንሳይኛዬን ባቡር ውስጥ ሳዘጋጅ መጥቼ ነበር፤ ፊቱ ስቆም ግን ግማሹ ጠፋ።

«ክርኗ አሟታል» አልኩት። «አጥንቱ ጋ ነው። መወርወር የለባትም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካችን።»

መቁጠሪያውን ኪሱ ከተተ። «በየሳምንቱ እጠይቃታለሁ። አንተ አጠገቤ ቆመህ።»

«አዎ።»

«ምን ስታደርግላት ነበር?»

«አሻት ነበር። እንድትወረውር።»

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። «ሌሎቹን ልጆች ባንተ እጅ ነበር የተውኳቸው» አለኝ። «ከእንግዲህ ረቡዕ አትምጣ።» ይህን ብሎ ልጄን ጠራትና ጓንቷን እንድታወልቅ ነገራት። የተናገረው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ልጄ እሱን አላየችም፣ እኔን ነው ያየችው። «ቱ አቬ ፕሮሚ!» ብላ ጮኸች፤ ቃል ገብተህልኝ ነበር። በአማርኛም ደገመችው፣ እንዳያመልጠኝ። «ውሸታም ነህ፣ አባዬ።» ሜዳ ሙሉ ሰው ሰማ። አማርኛ የማያውቀውም የገባው መሰለኝ።

የያዧ አባት ወደኔ መጣ። መልካም ሰው ነው፣ ልጆቹን በመኪናው ብዙ ጊዜ አድርሶልናል። «እሷ እችላለሁ እያለች ነው» አለኝ። «አንድ ጨዋታ ነው የቀረው። አንተ እኮ ባለሙያ ነህ፤ ትንሽ አሽተህ በፋሻ ብታጠብቀው? ልጆቹ ለዚህ ዓመቱን ሙሉ ደክመዋል።» ሌሎች ወላጆችም ዞረው ያዩኝ ጀመር። «አስነሳው!» የሚለው ያ ጩኸት ነው፤ ድምፁ ብቻ ነው ዝግ ያለው፣ ቋንቋው ብቻ ነው የተለወጠው።

«ባለሙያ ስለሆንኩ ነው እምቢ የምለው» አልኩት። «ክርኑ የልጄ ነው። የክለቡ አይደለም፣ ያንተም አይደለም፣ የሷም ብቻ አይደለም ገና። ልጅ ናት። ከፈለግክ አንተ ጉብታው ላይ ውጣና ወርውር።»

አልወጣም። ሌላ ልጅ ወጣ፣ ገና ጀማሪ፣ አሳዘነኝ። ዱላ የያዙት ሲመቱበት ዋሉ። በሰፊው ተሸነፍን። ልጄ ጨዋታውን በሙሉ ከተቀያሪዎቹ ወንበር ጫፍ ላይ፣ ኮፍያዋን ፊቷ ላይ ደፍታ ተቀመጠች። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አየሁ። ማንም አላናገረኝም፤ እኔም ማንንም ይቅርታ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ያለብኝን አንድ ሰው፣ ልጄን፣ ወደ ወንበሩ ስትሄድ ጠይቄያት ነበር፤ እሷ ደግሞ አልሰማችኝም።

ወደ ጄኔቭ ስንመለስ በሌላ ፉርጎ ከጓደኞቿ ጋር ሄደች።

በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ወጣት ሴት ናት፣ ረጋ ያለች። የራጅ ፎቶ ከማስነሳቷ በፊት የት እንደሆነ በጣቴ አሳየኋት፤ ፎቶውም እዚያው ላይ አረፈ። በማደግ ላይ ያለ ልጅ አጥንት ጫፉ ላይ ገና ያልጠነከረ ማደጊያ እንዳለው፣ በየጊዜው ሲጎተት እንደሚቆጣ፣ ከዚህ ብሶ ቢሆን ኖሮ ሊገነጠል ይችል እንደነበር አስረዳችን። «ጉብታው ላይ አንድ ቀን ብትጨምር ኖሮ» አለችና አልጨረሰችውም። ወራት ያለ ውርወራ፤ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ። «እስካሁን ማን ነበር የሚያክማት?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ» አልኩ። «ወረቀት የለኝም።»

እጄን አየችው። አንገቴን አልደፋሁም። እጄ አልሳተም፤ ያገኘውን ሰምቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ይህንንም ነገርኳት። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማ ነበር።

ከዚያ ያለው ረጅም ነው። ልጄ ክረምቱን ሙሉ ከኔ ጋር በ«እሺ» እና በ«አይ» ብቻ ኖረች። እናቷ «አንተ ታውቃለህ» ማለቷን ተወች። ወሬው አዳራሹ ደረሰ፤ ወገባቸውን ይዘው የመጡ አንድ ሽማግሌን «አጥንትዎ ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት፤ ከዚያ እኔ አለሁ» ስላቸው «ፈረንጅ ሆንክብን» ብለው ተቀየሙኝ። ይቀየሙ። ረቡዕ ረቡዕ ሜዳ አልሄድኩም። ጠዋት ጥርሷን ስትቦርሽ ግን በአንድ እግሯ ትቆም ነበር፤ አንድም ቀን አልነገርኳትም፣ አንድም ቀን አላቆመችም። እኔ ደግሞ አንድም ቀን ክንዷን አልነካሁም። ዓርብ ከሥራ ስገባ ወጥ ቤቱ ባዶ ነው። ያ ከሁሉ በላይ ከበደኝ፤ ብቻዬን ስበላ አልፎ አልፎ እንባዬ ይመጣ ነበር፣ አላፍርበትም።

ኅዳር ላይ ሐኪሟ ፈቀደች። ብርዱ ስለገባ ልምምዱ ጂምናዚየም ውስጥ ነበር። እንደማንኛውም ወላጅ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አሰልጣኙ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላም አለኝ፣ ከዚያ በላይ የለም። ልጄን ከያዧ ፊት ለፊት በቅርብ አቆማት። ጥቂት ለስላሳ ውርወራ ብቻ እንደሆነ ነገራት፤ መቁጠሪያውንም አወጣ። የቡድኑ ልጆች በሙሉ ቆመው አዩዋት፤ ስንት ወር ጠብቀዋታል።

የመጀመሪያውን ወረወረች። ከእግሯ ተነሳ፣ በዳሌዋ ዞረ፣ ክንዷ መጨረሻ ላይ ተከተለ። ወንበሩን ጨብጬ ያዝኩ። ሁለተኛው ከሱ አማረ። ልጆቹ በስሟ እየጠሩ ይጮሁላት ጀመር። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ፊቷ ፈካ፤ አገጯ ቀና አለ፣ ያቺ ልጄ ተመለሰች። «ሌላ! ሌላ!» ይላሉ ልጆቹ። የያዧ አባትም ከጎኔ ቆሞ አብሮ ይላል። አሰልጣኙ የፈቀደላት ገና ግማሹ እንኳ አላለቀም።

ኳሱን ተቀበለች። እጇን ወደ ኋላ ልታነሳ ስትል ቆመች። ክንዷን ዝቅ አድርጋ ጥቂት አሰበች። ማንም አልጠየቃትም። ከዚያ ወደ አሰልጣኙ ሄዳ ኳሱን እጁ ላይ አስቀመጠችና፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ በፈረንሳይኛ ጮክ ብላ «እዚህ ጋ ትንሽ ተሰማኝ። ለዛሬ ይበቃኛል» አለች።

የያዧ አባት «አይ!» ብሎ ተነፈሰ። እኔ ተነስቼ ቆምኩና በሁለት እጄ፣ ኃይሌ እስኪያልቅ አጨበጨብኩ። ልጁ አመመኝ ስትል የሚያጨበጭብ አባት አይተው አያውቁም፤ ወላጆቹም፣ ልጆቹም፣ አሰልጣኙም ዞረው አፈጠጡብኝ። ይዩኝ።